ሽመክት ያላነበበው ዋስትና

ሱሉልታ ውስጥ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሽመክት የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አለ። የደጀን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ሊሠራ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሮ ሲመጣ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሱሉልታ ላይ ቆመ፤ ሽመክትም እግሩን ሊያፍታታ ወረደ። ለምን እዚያው እንደቀረ ሲጠየቅ «አየሩ ተስማማኝ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሾፌሩ ረስቶት ሄዶ ነው። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።

ታታሪ መሆኑን የሚክድ የለም። ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ በትከሻው አንጠልጥሎ ጀመረ። ቀጥሎ የቆርቆሮ ኪዮስክ ያዘ። አሁን ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያና ምድጃ የተደረደረበት፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሱቅ አለው። ጾም አይገድፍም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲጠየቅ ከማንም ቀድሞ ይሰጣል፤ ከሰጠ በኋላም ስሙ በድምፅ ማጉያ እስኪጠራ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ሀብቱ ግን ምላሱ ነው። ከምላሱም አንዲት ቃል፦ ጋራንቲ።

«ጋራንቲ አለው?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ ከሽመክት ሱቅ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። ቴሌቪዥን ሁለት ዓመት፣ ካውያ ሁለት ዓመት፣ የእጅ ባትሪ ሁለት ዓመት። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ለሬዲዮው ድንጋይ ሊገዛ ገብቶ እንዲሁ ለጨዋታ ቢጠይቀው «ሁለት ዓመት» አለው ዓይኑን ሳያሽ። ለሽመክት ጋራንቲ ማለት «እግዜር ይስጥልኝ» እንደማለት ያለ ነገር ነበር። የሚባል እንጂ የሚደረግ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ነገረኛ ደንበኛ «በቃል አይሆንም፣ በጽሑፍ ስጠኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ሽመክት ወዲያው ጎረቤቱ ወዳለችው ወደ ያኔት ሄደ። ያኔት ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች። ኮምፒውተሯ ውስጥ ደግሞ ዱከም ያለ አንድ ፋብሪካ ለጀነሬተሩ ጥገና የተዋዋለበት ውል ተቀምጧል።

«ይኼን የመሰለ አድርጊልኝ» አላት ሽመክት የወረቀቱን ርዝመት ዓይቶ።

እሷም «ጀነሬተር» የሚለውን እያጠፋች «ዕቃ» የሚል ተካችበት፤ የፋብሪካውን ስም አውጥታ የሱቁን ስም አስገባች። ሁለት ገጽ ሙሉ ወጣ። ሽመክት ያደረገው እርማት አንድ ብቻ ነው። «ማኅተሙ ትንሽ ጎላ ይበል» አለ። ያን ቀን መቶ ቅጂ አስነሳ። አላነበበውም። ደንበኞቹም አላነበቡትም። ወረቀቱ ረጅም ስለነበረ ሁሉም ተማመኑበት።

ዕቃ ተበላሽቶ ሲመለስ ደግሞ ሽመክት የራሱ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ያዝናል፤ የእውነት የሚመስል ሐዘን ነው፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዕቃውን እንደታመመ ልጅ ይደባብሳል። ከዚያ «ካርቶኑስ?» ይላል። ካርቶኑ ከተገኘ «መብራት ነው የበላው» ይላል። መብራት ካልሆነ ከኋላው የተለጠፈችው ስቲከር ተልጣለች፤ «ሰው ነካክቶታል» ማለት ነው። ይህ ሁሉ አልፎ የሚከራከር ሰው ከተገኘ የመጨረሻው መልስ አለ፦ «ባለሙያው ሰበታ ሄዷል።» ባለሙያው ወንዲ ይባላል። ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ሁለተኛው ግቢ ነው። ሰበታን ካያት ግን አራት ዓመት አልፎታል።

ሱቁ ውስጥ ትጊ የምትባል ሻጭ አለች። ብልህ ናት፤ ነገሩን ሁሉ ታያለች፣ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ብቻ «ጋሼ፣ ይኼ ወረቀት ምን እንደሚል ያውቃሉ?» ብላው ነበር። «ሁለት ዓመት ይላላ» አላት፤ ወሬውም በዚያው ቀረ።

በመስከረም መጨረሻ አዴ ጠጅቱ ፍሪጅ ሊገዙ መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ግጦሹ ዳር የሚኖሩ፣ ሰባት ላም ያላቸው፣ ለሁለት ካፌ ወተት የሚያቀርቡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሲናገሩም አይቸኩሉም።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» አለ ሽመክት። የሚያውቃት ኦሮምኛ ለመሸጫ የምትበቃ ነበረች።

«ፈያ። ይኼ ትልቁ ፍሪጅ ጋራንቲ አለው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ጋራንቲ ማለት ምን ማለት ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ዋስትና ማለት ነው።»

«ዋሱ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«እኔ እበቃለሁ፣ አዴ» አለና ሳቀ።

አዴ ጠጅቱ አልሳቁም። «እንግዲያው ፈርም» አሉት። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት ጊዜ ዋስ ሆኗል። በአንደኛው የሰውየው ዕዳ በሬያችንን አስወሰደን። ዋስ የሆነ ሰው ስሙን ይጽፋል።»

ሽመክት ከማኅተሙ ሥር ስሙን ከነአባቱ ጻፈ፤ ፈረመም። ትጊ ታይ ነበር። አዴ ጠጅቱ ወረቀቱን አጥፈው በፌስታል ጠቀለሉና ከደረታቸው ሸጎጡት። ፍሪጁ በጋሪ ሄደ።

ሁዳዴ ገብቶ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፍሪጁ ቀጥ አለ።

ጊዜው ክፉ ነበር። በጾም ካፌዎቹ ወተት አይቀበሉም። ላሞቹ ግን ጾም አያውቁምና መታለባቸው አይቀርም። ስለዚህ አዴ ጠጅቱ በሁዳዴ ቅቤ ያወጣሉ፣ አይብ ይሠራሉ፤ ሁሉንም ለፋሲካ ያቆዩታል። የዓመቱ ዋና ገበያቸው ያ ነው። ፍሪጁንም የገዙት ለዚሁ ነበር። መቆሙን በሦስተኛው ቀን ያወቁት ከሽታው ነው።

ወደ ሱቁ መጡ። ሽመክት አዘነ። ራሱን ነቀነቀ። «ካርቶኑስ?» አለ።

በማግስቱ ካርቶኑን በአህያ ጭነው አመጡ። «መብራት ይሆናል የበላው» አለ። ሄደው የመብራት መከላከያውን ነቅለው አመጡ፤ ያውም ከእሱ ሱቅ የተገዛ ነው፣ ትጊ ራሷ ናት የሸጠችላቸው። «እንግዲህ ስቲከሯን ማየት አለብኝ» አለ። ፍሪጁን በጋሪ አስጭነው አመጡት። ስቲከሯ እንደተለጠፈች ነበረች። ሽመክት ዞር ዞር ብሎ አያት፣ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረጋት፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ባለሙያው ሰበታ ሄዷል» አለ በመጨረሻ።

«መቼ ይመለሳል?»

«ሥራ በዝቶበታል። ከፋሲካ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ፍሪጁ እዚህ ይቀመጥ፣ እደውልልዎታለሁ።»

አዴ ጠጅቱ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ከደረታቸው ወረቀቱን አወጡ፣ ከፌስታሉ ፈቱት፣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከዚያም ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አኑረው ማንበብ ጀመሩ።

ሽመክት ይህን አልጠበቀም። ወተት ወተት የሚሸቱ ሴት ያነባሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። እሳቸው ግን ልጅ ሳሉ መሠረተ ትምህርት ተምረዋል፤ የተማሩትንም አልጣሉትም። ቀስ ብለው ያነባሉ እንጂ ፊደል አይስቱም። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ሽመክት አንድ ቴሌቪዥን ሸጠ። እሳቸው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበሩ።

«ትጊ» አሉ በስተመጨረሻ። «እስቲ ይቺን ተራ ቁጥር ሰባትን አንብቢልኝ፣ በትክክል አንብቤያት እንደሆነ።»

ትጊ መጣች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «ዕቃው ተጠግኖ እስኪመለስ ድረስ፣ አቅራቢው ለተጠቃሚው ተመሳሳይ አገልግሎት ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ በማንኛውም የሥራ ሰዓት ይሰጣል።»

ሱቁ ውስጥ ዕቃ የሚያማርጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም ዞሩ።

«አቅራቢው ማነው?» አሉ አዴ ጠጅቱ።

«ጋሼ ናቸው» አለች ትጊ።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ።

በማግስቱ ሱቁ በተከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጡ። ሁለት ማሰሮ አይብ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና አንድ ጀሪካን አሬራ ይዘዋል። ሰላም ብለው ገቡ። መስታወቱ ሥር ለዕይታ የቆመውን፣ ከሁሉም የሚያብረቀርቀውን ፍሪጅ ከፍተው ዕቃቸውን ደረደሩ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። ከዚያ መሰኪያውን አንስተው ለትጊ ሰጧት። ትጊ ሰካችው።

«አዴ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሽመክት።

«ተመሳሳይ አገልግሎት።»

«እሱ እኮ የወረቀት ስህተት ነው። ጸሐፊዋ ናት የተሳሳተችው።»

«ሁለት ዓመት የሚለውስ? እሱም ስህተት ነው?»

በዚያን ሰዓት አንድ ጎልማሳ ለእህቱ ሠርግ ፍሪጅ ሊገዛ ዋጋ ተስማምቶ ቆሟል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሽመክት ወደ ሰውየው እጅ አየ። ከዚያ ወደ አዴ ጠጅቱ አየ። «አይ፣ እሱ ትክክል ነው» አለ፤ ድምፁ ሰለለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ጠጅቱ በየማለዳው ይመጣሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል መጥተው አይተው ይሄዳሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛው የዕይታ ፍሪጅ ተያዘ። ሽመክት ለደንበኛ «ውስጡን ይመልከቱት» ብሎ በሩን ሲከፍት ደንበኛው ቅቤ ያያል። የሁዳዴ ጾመኛው ሽመክት፣ ሽሮ ላይ ዘይት እንኳ ሲበዛበት የሚጠራጠረው ሰው፣ ቀኑን ሙሉ የቅቤ ሽታ እየሳበ ይውላል። አፍንጫው ላይ ማስክ ማድረግ ጀመረ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት «አቧራ» ይላል።

ከሁሉም የባሰው ግን የአዴ ጠጅቱ ምስጋና ነበር። ቢሳደቡ ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ስድብ ይችላል። እሳቸው ግን ማንም ሰው «ቅቤዎ እዚህ ምን ያደርጋል?» ሲላቸው «ሽመክት ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው» ይላሉ፤ «የእኔ ፍሪጅ እስኪሠራ በራሱ እንድጠቀም ፈቅዶልኛል። ወረቀቱ ላይ ጽፎታል፤ የሁላችሁም ላይ አለ፣ ተራ ቁጥር ሰባት።»

ሱሉልታ ትልቅ ከተማ አይደለችም። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ሰው ከሣጥን፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ መሐል ወረቀቱን እንዳወጣ እግዜር ይወቀው።

የመጀመሪያው ዲሪባ ነው። ቴሌቪዥኑ ከገና ጀምሮ ድምፅ እንጂ ምስል የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማውን ይዞ መጣና ከትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። «ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ነው» አለ፤ ወረቀቱንም ለትጊ አሳያት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዲሪባ አራት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ዱርሲቱ የምትባል የሁለት መንትዮች እናት ደግሞ የልብስ ማጠቢያዋ ከቆመ ወር አልፎታልና ሁለት ጆንያ ልብስ ጭና መጣች። የዕይታው ማሽን ውኃ የለውም ብትባል «በባልዲ እሞላዋለሁ» አለች፤ ሞላችውም። አንድ መምህር በየጠዋቱ ሸሚዙን ሊተኩስ ይመጣ ጀመር። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲጨርስ ካውያውን አብርዶ ወደ ቦታው ይመልሳል፣ አመስግኖም ይሄዳል።

በሆሣዕና ሳምንት የሽመክት ሱቅ ምን እንደሚሸጥ መለየት ያስቸግር ነበር። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። መደርደሪያው ላይ የሕፃናት ካልሲ ተሰጥቷል። ትጊ ቅቤ የሚጠይቃትን ሰው ከፍሪጅ ገዢ ለመለየት «የሚበላውን ነው የሚያቀዘቅዘውን?» ብላ መጠየቅ ለመደች።

ሽመክት ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ ቀን ደግሞ ምግብ። በመጨረሻ ሽማግሌ ማስገባት ይሻላል ብሎ ወሰነ። ኦቦ ደገፋን ለመነ። ኦቦ ደገፋ በአካባቢው ነገር የሚያበርዱ፣ የተከበሩ አዛውንት ናቸው፤ ከአዴ ጠጅቱ ባል ጋርም ጓደኛ ነበሩ። «እኚህን ሴትዮ አንድ በሉልኝ» አላቸው። «ሱቄን የወተት ቤት አደረጉት።» በልቡ፣ ኦቦ ደገፋ ይገሥጿቸዋል፣ እሳቸውም አፍረው ይሄዳሉ ብሎ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ተሰበሰቡ። ኦቦ ደገፋ ወንበር ላይ፣ አዴ ጠጅቱ አግዳሚው ላይ፣ ሽመክት ቆሞ። መምህሩ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው፤ አልወጣም። ዱርሲቱም ልብሷን እየጠበቀች ነው።

«ወረቀቱን አምጡና ይነበብ» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«ትጊ ታንብበው» አለ ሽመክት።

«አይ። የፈረመው ማነው? አንተ አንብበው።»

ሽመክት ወረቀቱን ተቀበለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ቁጥር አንድና ሁለት ደህና አለፉ። ቁጥር አራት ላይ ሲደርስ ድምፁ ተደናቀፈ።

«ቀጥል» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«... ተጠቃሚው ጀነሬተሩን ከተመደበው የፈረቃ ሠራተኛ ውጭ በሌላ ሰው ማስነሳት የለበትም።»

ካውያው ቆመ። መምህሩ ቀና ብሎ አየ።

«ጠጅቱ» አሉ ኦቦ ደገፋ፣ «ጀነሬተር ነው እንዴ የሸጠልሽ?»

«ፍሪጅ ነው።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው፣ ሽመክት? ከዚህ በፊት አንብበኸው ታውቃለህ?»

ሽመክት ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ማኅተሙን አይቼዋለሁ» አለ።

የሳቀ የለም። ዱርሲቱ ብቻ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጄ» አሉ ኦቦ ደገፋ፣ «እዚህ ያመጣኸኝ ቃል ያፈረሰ ሰው ላስታርቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ያፈረሰችው ነገር የለም። አንተ ጽፈህ ሰጠሃት፣ እሷ የጻፍከውን አደረገች። አንተ ራስህ የማታውቀውን ነገር ለስንት ሰው ሰጠህ?»

«ወደ ስድስት መቶ» አለች ትጊ ከባንኮኒው ኋላ። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

«ባለሙያውን ጥራ» አሉ ኦቦ ደገፋ።

ሽመክት አፉን ከፈተ። ሰበታ ሊል ነበር። ትጊ ግን ስልኳን አንስታ ደውላ ጨርሳለች። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ወንዲ በነጠላ ጫማ፣ ጥርሱን እየፋቀ በጓሮ በኩል ገባ።

«ከሰበታ መቼ መጣህ?» አሉት አዴ ጠጅቱ።

«ከየት?» አለ ወንዲ።

ወንዲ ከሱቁ ጥግ ቆሞ አቧራ የለበሰውን የአዴ ጠጅቱን ፍሪጅ ከኋላው ፈታው። ሞተሩን የምታስነሳ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተቃጥላለች። ከኪሱ ሌላ አውጥቶ ተካት። ፍሪጁ አንዴ አጓራና ሥራውን ጀመረ። ሁሉ ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

«ይቺ ናት?» አሉ አዴ ጠጅቱ።

«ይቺው ናት፣ እናቴ። ቀድሞ ቢነገረኝ ያኔውኑ እሠራት ነበር» አለ ወንዲ፤ ነገር መፍጠሩንም አላወቀም።

አዴ ጠጅቱ ሽመክትን አዩት። ሽመክት ወለሉን አየ። እሳቸው ቅቤያቸውን ከዕይታው ፍሪጅ አውጥተው ወደ ራሳቸው ማዛወር ጀመሩ፤ ሽመክትም ምን እንደነካው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰሮውን ያዘላቸው። እጁ ቅቤ ነካ። አልጠረገውም፤ ወይም መጥረጉን ረሳው።

«የእነዚህስ?» አሉ ኦቦ ደገፋ ወደ መምህሩና ወደ ዱርሲቱ እያመለከቱ።

«የእኔ አልቋል» አሉ አዴ ጠጅቱ። «የእነሱን እነሱ ይጠይቁ፤ ማንበብ ይችላሉ።»

ጠየቁም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ወንዲ ከሱቁ አልወጣም፤ ሃያ ሦስት ዕቃ ጠገነ። ዲሪባ ቴሌቪዥኑ ሲሠራለት ትንሽ ከፋው ይባላል፤ የሱቁ ይበልጥ ነበርና።

ሽመክት ወዲያው ያኔት ዘንድ ሄዶ አዲስ ወረቀት አሠራ። አጭር ነው፣ ግማሽ ገጽ። በዚህ ጊዜ ሁለት ጊዜ አነበበው። ነገር ግን የመጀመሪያው ገዢ፣ ከጫንጮ የመጣ ሰው፣ አገላብጦ አይቶት መለሰው። «ይኼ አይደለም። ሰባት ቁጥር ያለበትን ነው የምፈልገው» አለ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛው ዕቃውን ትቶ ሊወጣ ሲል ሽመክት ከመሳቢያው የድሮውን አወጣ።

ታዲያ ምን ሆነ ቢባል፣ ገበያው ደራ። ወሬው ወደ ቡራዩም ወደ ሰበታም ደረሰ፦ ሱሉልታ ውስጥ ዕቃህ ቢበላሽ የራሱን የሚሰጥህ ነጋዴ አለ ተባለ። ሰው በሚኒባስ ከቡራዩ ድረስ እየመጣ ገዛ። ወንዲ በወር ደመወዝ ተቀጠረ። ሽመክትም በግዱ ሐቀኛ ሆነ፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ በግዱ መሆኑ ጠፋበት። አሁን ነጋዴዎች ሲሰበሰቡ «ተራ ቁጥር ሰባትን ለማሰብ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል» ይላል። ደንበኛ ንጉሥ ነው ብሎ ያስረዳል። እጁን ያወዛውዛል።

ባለፈው ጥር ቡራዩ ላይ ሁለተኛውን ሱቅ ከፈተ። ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ታደለ፣ ሽመክትም በድምፅ ማጉያ ስለ እምነት ግማሽ ሰዓት ተናገረ። የአዲሱ ሱቅ ኃላፊ የሆነችው ትጊ ከኋላው ቆማ ሁሉንም አዳመጠች። ሲጨርስ ከሰው ሁሉ ቀድማ አጨበጨበች። ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ነበር የቀረው፣ ደመወዟን ደግሞ እንደሚጨምርላት ቃል ገብቶላታል። ቃሉን ያስገባችው በጽሑፍ ነው።